ሁለት ሴቶች ያሉበት ካርታ

አምለሰት ካርታ አትነካም ነበር። ሮም ውስጥ ሲኞራ ዳኒኤላ ቤት ባዳንቴ ሆና፣ እሳቸውን ልታጥብ፣ ልታበላና ልታስተኛ የገባች ሰሞን፣ አሮጊቷ የሚንቀጠቀጥ ጣታቸውን ወደ መሳቢያው ቀስረው «ያንን የካርታ ጥቅል አቀብዪኝ» ቢሏት በሶፍት ይዛ ነበር ያቀበለቻቸው።

«ያቃጥላል እንዴ?» አሉ እየሳቁ።

«በእኛ ሃይማኖት ጥንቆላ ነው፣ ሲኞራ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሲኞራ አልተቀየሟትም። በወጣትነታቸው ፒያሳ ናቮና ላይ ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግተው ለአላፊ አግዳሚው ታሮኪ የሚባለውን የዕጣ ካርታ ይጥሉ የነበሩ ሴት ናቸው። «አንድም ቀን ለማንም የወደፊቱን ነግሬ አላውቅም» ይላሉ። «ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ልቡ የሚያውቀውን ነገር ሌላ ሰው እንዲያወጣለት ነው። እኔ ሥዕሉን አሳየዋለሁ፤ የሚናገረው እሱ ነው።»

ከምሳ በኋላ ካርታዎቹን ጉልበታቸው ላይ ባለው ብርድ ልብስ ይደረድራሉ። አምለሰት ልብስ እየተኮሰች፣ የማትሰማ እየመሰለች ትሰማለች። ሞት የሚባለው ካርታ መሞት እንዳልሆነ፣ አንድ ነገር አልቆ ሌላው የሚጀመርበት እንደሆነ ሰማች። በአንድ እግሩ ቁልቁል የተንጠለጠለው ሰው ወንጀለኛ ሳይሆን ዓለምን ገልብጦ የሚያይ ሰው እንደሆነም ሰማች። እየቆየ ፍርሃቷ ለቀቃት፤ ካውያውን አስቀምጣ ጠጋ ብላ ማየት ጀመረች።

አንድ ቀን ስድስተኛውን ካርታ አሳዩአት። አንድ ጎልማሳ መሃል ቆሟል። በአንድ ጎኑ አንዲት ሴት፣ በሌላው ጎኑ ሌላ ሴት። ከሦስቱም በላይ ክንፍ ያለው ሕፃን ቀስት ወጥሮ ይታያል።

«ይኼ መልአክ ነው?»

«አሞሬ ነው። ፍቅር።»

«ወደ የትኛዋ ነው ያነጣጠረው?»

«አየሽ፣ ገና ሳልነግርሽ ጠየቅሽው» አሉ ሲኞራ። «አማንቲ ይባላል፤ ፍቅረኞቹ ማለት ነው። ስሙን ሲሰሙ ሁሉም ደስ ይላቸዋል። ካርታው ግን የምርጫ ካርታ ነው። ሁለት ሰው አይደለም ያለበት፤ ሦስት ነው። አንዷን የያዘ እጅ ሌላዋን ይለቃል።»

አምለሰት ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየችው። በዚያን ጊዜ የምትወደው ሰው አልነበራትም፤ ስለዚህ ነገሩ የሌላ ሰው ታሪክ መሰላት።

ሩፋኤልን ያገኘችው በዚያው ዓመት በሐምሌ ነው። ሲኞራ ባሕሩን ሳላይ በጋው እንዳያልፍ ስላሏት በባቡር ወደ ኦስቲያ ይዛቸው ሄደች። አሸዋው ላይ ጥቂት እንደገፋቻቸው የተሽከርካሪ ወንበሩ ጎማ ሰመጠና እምቢ አለ። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

«እመቤቴ፣ ድረሺልኝ!» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

«እመቤቴማ እኔን ልካኛለች» አለ ከኋላዋ አንድ ሰው፣ በአማርኛ።

ዞር ስትል ሁለት የታጠፉ የባሕር ጥላዎች በትከሻው የተሸከመ፣ ረጅም፣ ፀሐይ ያጠቆረው ወጣት ቆሟል። ጥላዎቹን አስቀመጠና ሲኞራን ከነወንበራቸው ብድግ አደረጋቸው። ውኃው ዳር ሲደርስ «ይንኩት?» ብሎ ጠየቀ። ሲኞራ እንደ ሕፃን አጨበጨቡ። ከወንበሩ አንሥቶ፣ ታቅፎ ማዕበሉ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገባ። አሮጊቷ እግራቸውን ውኃው ሲነካቸው ጮኸው ሳቁ። አምለሰት ጫማዎቻቸውን በእጇ ይዛ ዳር ቆማ ታይ ነበር። እሱም ከሲኞራ ነጭ ፀጉር በላይ አያት። ሁለቱም ዓይናቸውን ለማንሣት ቸኩለው፣ ሁለቱም መልሰው ተያዩ።

«ስምሽን ሳትነግሪኝ ልትሄጂ ነው?» አላት ሲመለሱ።

«አምለሰት።»

«ሩፋኤል እባላለሁ። ነገም ጎማው ከሰመጠ እዚሁ ነኝ።»

«ነገ አንመጣም።»

«እንግዲያው የሚሰምጥ ጎማ ወዳለበት እኔው እመጣለሁ» አለ፤ ሳቀች።

መጣም። የአምለሰት ዕረፍት ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ጋርባቴላ ያለው የሲኞራ ቤት በር ላይ ይጠብቃታል፤ ወይም እሷ በሜትሮ ፖንቴ ማሞሎ ድረስ ትሄዳለች። እዚያ ከሦስት የአገሩ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። አገሩ ቆቦ ነው፤ ሙያው አናጺነት። ብዙ አይናገርም። አጠገቧ ሲቀመጥ ግን ዝምታው አይከብዳትም፤ እሱ ዝም ሲል እሷም ታርፋለች።

ገና መጀመሪያ ላይ ነገራት።

«አግብቼ ነበር» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ቤዛ ትባላለች። አብረን ነው የወጣነው። በመተማ፣ በሱዳን፣ እስከ ሊቢያ ድረስ እጄን ሳትለቅ። ባሕሩ ዳር ወንዶቹንና ሴቶቹን ለይተው በሁለት ጀልባ ጫኑን። የእነሱ ጀልባ ሲገለበጥ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድም አልተረፈም አሉን።»

አምለሰት እጁን ያዘችው።

«ያሳደገቻት አክስቷ ነበረች። እሷን እንኳ መርዶ ልነግራት አልቻልኩም፤ በጦርነቱ ተፈናቅላ የት እንደገባች አይታወቅም። ፍትሐቱን እዚሁ ሮም አስደረግሁ። ብቻዬን ነበርኩ፤ ያስተዛዘነኝ ቄሱ ብቻ ነው።»

«ከእንግዲህ ብቻህን አይደለህም» አለችው። እንዲህ ለማለት አላሰበችም ነበር፤ ከአፏ ወጣ።

ጥምቀት እንዳለፈ ጠየቃት። «ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ እስኪታደስ ልጠብቅ ብዬ ነበር» አለ። «ግን ፔርሜሶ ነው እንዴ የሚያጋባው?» እሷም እየሳቀች፣ እያለቀሰችም እሺ አለችው። ቄሱ ዘንድ ሄደው ስማቸውን ከነክርስትና ስማቸው ሰጡ፤ የእሷን ወለተ ኪዳን፣ የእሱን ወልደ ሰንበት። ጋብቻው ከዳግም ትንሣኤ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ሲኞራ ዳኒኤላ ከሣጥናቸው የቆየ የዳንቴል ሻርፕ አውጥተው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት።

ዐቢይ ጾም እንደተጋመሰ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ገና በቅርቡ የመጣች ሃርነት የምትባል ልጅ አምለሰትን ጠጋ አለቻት። ከቱኒስ በጀልባ ላምፔዱዛ ገብታ፣ በስደተኞች መቀበያ ውስጥ የምትኖር ናት።

«እህቴ፣ ቄሱን እኔ ስለማላውቃቸው ነው» አለች። «አንድ የሟች ስም አደራ አለብኝ። ሊቢያ እስር ቤት አብረን የከረምን ጓደኛዬ አሁን ቱኒስ ናት። ሮም ከደረስሽ ለባለቤቴ ፍትሐት አስደርጊልኝ ብላ ለምናኛለች። ባሕር ነው የበላባት።»

«ነፍስ ይማር። እነግራቸዋለሁ፤ ስሙ ማነው?»

«ሩፋኤል። የክርስትና ስሙ ወልደ ሰንበት። የቆቦ ሰው ነው።»

አምለሰት ነጠላዋን በእጇ ጨበጠች።

«ጓደኛሽስ… ማን ትባላለች?»

«ቤዛ። የሷ ጀልባ ሲገለበጥ ዓሣ አጥማጆች ጥቂቶቹን ጎትተው አወጧቸው፤ ከዚያ ከእስር ወደ እስር ነው። እዚያ ስልክ የለ፣ ዘመድ የለ። የባሏም ጀልባ አልደረሰም ብለዋታል።» ሃርነት ትክ ብላ አየቻት። «ምነው፣ ፊትሽ ተለዋወጠ?»

«ጾሙ ነው» አለች አምለሰት። «ስልኳን ስጪኝ። እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ቄሱ እዚያው ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። አምለሰት በአጠገባቸው አልፋ ወጣች።

ያንን ሳምንት እንዴት እንደኖረችው አታውቅም። ሩፋኤል ሲደውል ድምፁን ሰምታ ሥራ በዝቶብኛል ትላለች። ሐሙስ መጥቶ በር ላይ ሲቆም ሲኞራ አሟቸዋል አለችው። አመናት፤ የሲኞራን ጤና ደጋግሞ ጠየቀ፣ ለእሳቸው ብርቱካን ገዝቶ መጥቶ ነበርና አስረከባት። ብርቱካኑን ይዛ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ማንም አያውቅም፣ አለች ለራሷ። ሃርነት እሱን አታውቀውም። ቤዛ ሞቷል ብላ እርሟን አውጥታለች። እሱም አውጥቷል። ሁለቱም ያለቀሱትን አልቅሰው ጨርሰዋል። እኔ ዝም ብል ማን ይጎዳል?

በነጋታው ከሰዓት፣ ሲኞራ ካርታቸውን ሲደረድሩ፣ ሄዳ እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«ይጣሉልኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ካርታውን። ለእኔ ይጣሉልኝ፣ እለምንዎታለሁ።»

ሲኞራ ዳኒኤላ ፊቷን አዩ። «መጀመሪያ ንገሪኝ» አሉ። ነገረቻቸው። አሮጊቷ እስከ መጨረሻው ሰሙና ካርታዎቹን ሰብስበው ያዙ።

«አልጥልልሽም።»

«ለምን? ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ሲጥሉ ኖረው የለም እንዴ?»

«ላንቺ ስለማስብ ነው። አንቺ የፈለግሽው ካርታው እንዲፈርድልሽ ነው። ክፉ ቢወጣ ‹ዕጣዬ ነው› ትያለሽ፤ ደግ ቢወጣ ‹ተፈቀደልኝ› ትያለሽ።» ከመካከል ስድስተኛውን አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «ይህን ያየ ሁሉ መሃል ያለውን ወንድ ነው የሚያየው። እሱ ይመርጣል ብሎ ያስባል። ‹የኔ ሰው ግን ምን ያውቃል?› ብለሽ ጠይቂኝ፤ ምንም አያውቅም። ሁለተኛዋም ምንም አታውቅም። ከሦስቱ የምታውቂው አንቺ ብቻ ከሆንሽ፣ መራጯ አንቺ ነሽ።»

«ዝም ብልስ?»

«ታገቢዋለሽ። ትወልዳላችሁ። ሰው ከብዙ ነገር ጋር ይኖራል፣ አምለሰት፤ እኔም ኖሬያለሁ። ግን ሲስቅልሽ፣ ቢያውቅ ኖሮ ይስቅልኝ ነበር ወይ ትያለሽ። በሳቀ ቁጥር።»

አምለሰት ግንባሯን ጉልበታቸው ላይ ደፋች። «የኔ ኃጢአት ምንድነው?» አለች። «ማንን ነጠቅሁ?»

«ማንንም» አሉ ሲኞራ። «እስካሁን ማንንም።»

በማግሥቱ ቅዳሜ ከሲኞራ አስፈቅዳ ወደ ኦስቲያ ሄደች። በጋው ሳይገባ ሩፋኤልን የልብስ መቀየሪያ ጎጆዎቹን ቀለም እንዲቀባ ቀጥረውት ነበር። ባሕሩ ዳር ሰው የለም። ሲያያት ፊቱ በራ፤ ብሩሹን እንደያዘ ሮጦ መጣ።

«ሲኞራ ተሻላቸው? ምነው ከሳሽ? ጾሙ ነው አይደል? ፋሲካ ይድረስ ብቻ…»

«ሩፊ፣ ቤዛ አልሞተችም።»

ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ ነገሩ ስላልገባው ፊቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«ሕልም አየሽ?»

«ቱኒስ ናት። አብራት የታሰረች ልጅ ቤተ ክርስቲያን መጥታ አገኘችኝ። ቤዛ ላንተ ፍትሐት እንዲደረግልህ ስምህን ልካለች። ወልደ ሰንበት ብላ።»

ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። እሱም አሸዋው ላይ ተቀመጠ። አምለሰት ስልኳን አውጥታ ቁጥሩን ደወለችና እጁ ላይ አኖረችለት።

«ሃሎ?» አለ የሴት ድምፅ፣ ከሩቅ። «ሃሎ፣ ማን ልበል?»

ሩፋኤል ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ጆሮው ላይ ለጠፈው።

«ማነው?»

«ቤዚ» አለ።

ከወዲያኛው ጫፍ «አትቀልዱብኝ» የሚል ሹክሹክታ ተሰማ። «እባካችሁ፣ ሰው ነኝ፣ አትቀልዱብኝ።»

«ቤዚዬ፣ እኔ ነኝ። ሩፋኤል ነኝ። አለሁ።»

የቤዛ ጩኸት ሲወጣ አምለሰት ተነሥታ ሄደች። ውኃው ጫማዋን እስኪያርሰው ድረስ ሄደችና ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ማዕበሉ ቃሉን ቢሸፍንላትም ልቅሶውን አልሸፈነላትም።

ከብዙ ቆይታ በኋላ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«መቼ አወቅሽ?»

«እሑድ።»

«ሳትነግሪኝ መቅረት ትችይ ነበር።»

«ሞክሬ ነበር» አለችው።

ዞሮ አያት። ዓይኑ ቀልቷል። «አንቺንስ?» አለ። «አንቺን ምን አድርጌ ልሂድ? እሷ ጋ ብሄድ አንቺን ቀበርኩ። እዚህ ብቀር እሷን ሁለተኛ መቅበሬ ነው።»

«ሰው ሁለቴ አይቀበርም፣ ሩፊ።»

«እወድሻለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ። ባትወደኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።» እጁን ይዛ የደረቀ ሰማያዊ ቀለም ያለበትን ጣቱን አየች፤ ከዚያ ለቀቀችው። «ስሞቻችንን ለቄሱ ሰጥተናል። ሄደህ አንተ ንገራቸው። እኔ ያንን አልችልም።»

ከዚያ ወዲያ መገናኘት ባይኖርባቸው ይሻል ነበር። ነገር ግን ቤዛን ለማምጣት ቢሮ ለቢሮ መዞር ያስፈልግ ነበር፤ የሩፋኤል ጣልያንኛ ደግሞ የሥራ ቦታ ጣልያንኛ ነው። ሌላ ሰው ይርዳው ብላ ነበር፤ የረዳው ሰው ግን ቃሉን አሳስቶ አንድ ወር አቃጠለበት። ሦስተኛ ሰው ሆና፣ ባሏ ሊሆን የነበረውን ሰው ሚስት ለማስመጣት በየወረፋው ቆመች። አንዴ መስኮቱ ኋላ ያለችው ሠራተኛ ቀና ብላ «እርስዎ ምናቸው ነዎት?» አለቻት።

ሩፋኤል አንገቱን ደፋ።

«እህቱ ነኝ» አለች አምለሰት።

ሲወጡ መንገዱ ላይ ቆመ። «አምለሰት» አለ። እሷ ግን የሜትሮውን ደረጃ መውረድ ጀምራ ነበር፤ ብትዞር እንደማትወርድ ታውቃለች።

ቤዛ የገባችው የመጸው ዝናብ ሲጀምር ነው። አምለሰት አውሮፕላን ማረፊያ አልሄደችም። ነገር ግን አንድ እሑድ ከሰዓት የሲኞራ ቤት ደወል ተደወለ። በሩን ስትከፍት ነጠላ የተከናነበች፣ ጉንጯ የጎደጎደ፣ ዓይኗ ትልልቅ የሆነ ሴት ቆማለች። ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለጋትም። ሴትየዋ ልትንበረከክ ዝቅ ስትል አምለሰት ብብቷን ይዛ አነሣቻት፤ እንደዚያው ተቃቅፈው ቆዩ። ቤዛ አጥንት ብቻ ነበረች።

ማዕድ ቤት ተቀመጡ። ሲኞራ በሳሎኑ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

«እህቴ ናት ነበር ያለኝ» አለች ቤዛ። «ኋላ ግን አልቻለም፤ ራሱ ነገረኝ።»

«ተቀየምሽኝ?»

«በምን አፌ? እኔም እኮ ሞቷል ብዬ ነበር።» ቤዛ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ አሻሸች። «የመጣሁት ሌላ ነገር ልነግርሽ ነው። ሌሊት ሌሊት ራሴን እጠይቃለሁ። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ኖሮ እነግረው ነበር ወይ እላለሁ።» እንባዋ መውረድ ጀመረ። «አልነግረውም ነበር፣ እህቴ። ያን ሁሉ አይቼ አንድ ደግ ሰው እጄ ቢገባ፣ እንደማልነግረው አውቀዋለሁ። ይህንን ሳልነግርሽ አብሬው መኖር ከበደኝ።»

አምለሰት እጇን ዘርግታ እንባዋን ጠረገችላት።

«እኔም አልነግረውም ነበር» አለች። «አፌ ‹ቤዛ› ብሎ እስኪጠራሽ ድረስ፣ እንደምነግረው አላውቅም ነበር።»

ሌላ ብዙ አላወሩም። ቤዛ ስትወጣ አምለሰት መስኮቱ ጋ ሄደች። ሩፋኤል ከመንገዱ ማዶ፣ ዝናቡ ላይ፣ ባዶ እጁን ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ቀና ብሎ አያት። እጁን አላነሣም፤ እሷም አላነሣችም። ቤዛ መንገዱን ተሻግራ አጠገቡ ስትደርስ የነጠላዋን ጫፍ በትከሻዋ ላይ መለሰላት። አንድ አውቶቡስ መጥቶ በመስኮቱና በእነሱ መሃል ቆመ። አውቶቡሱ ሲሄድ ማዶው ባዶ ነበር።

አሁን የሚኖሩት በሰሜን ጣልያን፣ ቤርጋሞ አካባቢ ነው፤ ሩፋኤል በአናጺነት የሚያሠራው ሰው እዚያ አገኘ። ደውሎ አያውቅም። እንዳይደውል የጠየቀችው እሷ ናት፤ እሱም ቃሉን ጠብቋል። አምለሰት ሲኞራ ዳኒኤላን እያጠበች፣ እያበላች ትኖራለች፤ ሐሙስ ከሰዓትም አትወጣም። ሰው ሲጠይቃት ደህና ነኝ ትላለች፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነቷን ነው።

ብቻ የማታውቀው ቁጥር ሲደውልላት፣ ስልኩን ከማንሣቷ በፊት ፀጉሯን ታስተካክላለች።